ቀለበት የሌለው ጭርት

አብርሃ ጅራ ዙሪያ ሰሊጥ የሚታረመው ዝናቡ ሳያባራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በረሃ ሊሠራ ከደጋው የወረደው ወጣት ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ ከላይ ዝናብ፣ ከሥር እግር የሚውጥ ዋልካ፣ በመሐል ደግሞ ላብ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ ማታም ሳይደርቅ ይተኛበታል። ፕላስቲክ ጫማ ውስጥ የዋለ እግር ጣቶቹ መሐል ነጥቶና ተልጦ ይወጣል። ካምፕ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለሦስት ሰው ነው፤ ፎጣውና ምላጩም እንዲሁ። ለፈንገስ ከዚህ የሚመች ነገር አይገኝም።

ስለዚህ ከምዕራብ አርማጭሆ እስከ መተማ ባለው ቆላ፣ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ጭርት፣ ቋቁቻና ቆረቆር የያዘው ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ክሬም ይዞ ይሄዳል፤ ይድናልም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የቀረውን ነው፦ ክሬሙን እንደታዘዘለት ተቀብቶ ያልዳነውን፣ ድኖ በወሩ የሚመለስበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭርቱ ጭርት የማይመስለውን ሰው።

ጭርት የሚያመጡት ፈንገሶች የሚበሉት ኬራቲን ነው፤ የቆዳ የላይኛው የሞተ ሽፋን፣ ጸጉርና ጥፍር የተሠሩበት ነገር ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ከዚያ ሽፋን ዘልቀው ወደ ሕያው ሥጋ አይገቡም። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ይበዛባቸዋል፤ በደም ፈሳሽ ያለው ብረትም በፕሮቲን ስለተያዘ አያገኙትም። ከዚህ ሌላ ሲዲ 4 የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ አለ። እርሱ ባዕድ ነገር መግባቱን ሲያውቅ ሌሎቹን ሕዋሳት ይጠራል፤ ቦታው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይቀረፋል። በደረቅ ሣር ላይ የተለኮሰ እሳት መሐሉን አመድ አድርጎ በዳር በዳር እንደሚሄድ፣ ፈንገሱም ጥቃት ከበረታበት መሐል እየለቀቀ ወዳልተነካው ቆዳ ይገፋል። መሐሉ ይድናል፤ ዳሩ ቀልቶ ያብጣል። ሁላችንም የምናውቀው ክብ ምልክት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም። መቅላቱንና ማሳከኩን ሰው ሁሉ የፈንገሱ ክፋት አድርጎ ያየዋል። መቅላቱ ግን የባለቤቱ የሰውነት ሥራ ነው፤ የመከላከል አቅሙ ቆሞ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። አቅሙ ሲዳከም መቅላቱም አብሮ ይደክማል። ቀለበቱ ይደበዝዛል፤ ዳሩ የት እንደሆነ አይለይም። መዳፍ የማያህል የነበረው ጭርት ወገብን ዞሮ ጀርባን ይሸፍናል፤ ሲሸፍንም እምብዛም አያሳክክም። «ዶክተር፣ አያሳክከኝም እኮ፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው» የሚል በሽተኛ፣ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናግሯል። አንዳንዱ ላይ ፈንገሱ በጸጉሩ ሥር ተከትሎ ወደ ጥልቁ ቆዳ ይወርድና ጠጠር ያለ እብጠት ይሠራል። ጥፍር ላይ ደግሞ መንገዱን ይገለብጣል። በጤነኛ ሰው የጥፍር ፈንገስ ከጫፍ ወይም ከጎን ይጀምራል። ከሥሩ፣ ከቆዳው መጋጠሚያ፣ ነጭ ሆኖ ወደ ውጭ የሚመጣ ሲሆን ግን ባለሙያ ስለ ኤች አይ ቪ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ይህን የመሰለ ጸጥ ያለ ጭርት ኤች አይ ቪ ሳይኖርም በገዛ እጅ መሥራት ይቻላል፤ የሚሠራውም በየሱቁ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች ሥራቸው የቆዳን የመከላከል ምላሽ ማብረድ ነው። ለችፌ ወይም ለአለርጂ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ጭርት ላይ ሲቀቡ ግን ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ መቅላቱ ይጠፋል፤ ፈንገሱ ብቻውን ይቀራል። ባለቤቱ ተሻለኝ ብሎ ሲያቆም ይነሣበታል፤ ይደግመዋል። ወር ሁለት ወር እንዲህ ከከረመ በኋላ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የሚታየው ቁስል ከየትኛውም መጽሐፍ ሥዕል ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ መልኩን ለለወጠ ጭርት ራሱን የቻለ ስም እስከ መስጠት ደርሰዋል። ቅባቶቹ ፊት ለማቅላት ጭምር ስለሚሸጡ፣ ብዙ ሰው መድኃኒት መሆናቸውንም አያውቅም። በበኩሌ በዚህ ነገር ላይ የመድኃኒት ሻጮች ተግሣጽ ያንሳቸዋል ባይ ነኝ፦ ቆዳ ላይ ያለውን ሳያዩ ስቴሮይድ ማቀበል ገንዘብ ተቀብሎ በሽታን መሸሸግ ነው።

የመከላከል አቅሙ የሚዳከመው ማን ነው? ስኳር ያለበት፣ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው (በአገራችን ይህ በጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው)። በዚህ ቆላ ግን ሁለት ነገሮች ጎልተው ይቆማሉ፤ አንድ ሰው ላይም ይገናኛሉ፦ ኤች አይ ቪና ካላ አዛር።

ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው፤ ሠራተኛው የሚያድረውም እዚያው ነው። ተውሳኩ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይይዛል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያመናምናል። ኤች አይ ቪ ደግሞ ሲዲ 4ን ይበላል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል፦ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ተውሳኩ ቢገባበት የመታመም ዕድሉ ይጨምራል፤ ካላ አዛር የያዘው ኤች አይ ቪው ይፈጥንበታል፤ ታክሞ ከዳነ በኋላም ያገረሽበታል። ከቤት ርቆ፣ ገንዘብ በእጁ ይዞ፣ ወራት ብቻውን የሚከርም ወጣት ለኤች አይ ቪ ያለው ተጋላጭነት ደግሞ የታወቀ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1997 እ.ኤ.አ. ሁመራ ላይ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአብርሃ ጅራ በማይርቀው አብደራፊ የካላ አዛር ሕክምና ጀምረዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሊሽማኒያ (የካላ አዛር ተውሳክ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው።

እዚህ ላይ የቆዳ ፈንገስና ካላ አዛር ያልተጠበቀ ዝምድና አላቸው። አብደራፊና ጎንደር ለካላ አዛር በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶም ሲፈጠር የፈንገስ መድኃኒት ነው። በውስጡ ያለው አምፎቴሪሲን በ1950ዎቹ የተገኘው በቬንዙዌላ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ነው። ፈንገስ የሕዋሱን ሽፋን የሚያጠነክርበት ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት አለው፤ የሰው ሕዋስ በምትኩ ኮሌስትሮል ይጠቀማል። አምፎቴሪሲን ኤርጎስቴሮሉን ይይዝና ሽፋኑን ይበሳዋል። የካላ አዛር ተውሳክ ፈንገስ ባይሆንም ያንኑ ቅባት ይጠቀማል፤ ስለዚህ በዚያው መድኃኒት ይመታል። እዚሁ አብደራፊና ጎንደር በተካሄደ ጥናት አምቢሶምን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠት፣ ሁለቱም በሽታ ላለባቸው ሰዎች አምቢሶምን ብቻውን ከመስጠት በጣም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ተቀብሏል። ከዚህ አካባቢ የወጣ ዕውቀት የዓለም መመሪያ ሲሆን ብዙ አይታይምና፣ ሳይጠቀስ ቢታለፍ ይቆጨኛል።

ወደ ቆዳው እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው ሕመም በአራት ደረጃ ሲከፍል የፈንገስ ምልክቶችን እንደ መለኪያ ይጠቀምባቸዋል። የጥፍር ፈንገስ፣ ከአፍ ዳርና ዳር መሰንጠቅ፣ ፊትና ራስ ላይ የሚወጣ ቅባታማ ቅርፊት ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የምንለውም እዚያው ይመደባል፤ እርሱ ግን ቫይረስ ነው። ምላስና ላንቃ ላይ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ሦስተኛ ደረጃ ነው። ያ ሽፋን ወደ ጉሮሮ ወርዶ ምግብ ሲዋጥ ደረት ላይ የሚያቃጥል ከሆነ አራተኛ ደረጃ ይሆናል። በአጭሩ፣ ሲዲ 4 የሚቆጥር መሣሪያ በሌለበት ጤና ኬላ እንኳ፣ በእጅ ባትሪ አፍን ከፍቶ ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። ነጩን ሽፋን በእንጨት መላሻ ጠረግ ሲያደርጉት ተነሥቶ ከሥሩ ቀይ፣ አንዳንዴም የሚደማ ሥጋ ይታያል። ሕፃን ጡት ጠብቶ ሲጨርስ ምላሱ ላይ የሚቀረው ወተት ግን በቀላሉ ይጠረጋል፤ ሥሩም ጤነኛ ነው።

ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ፊት ላይ ድንገት የሚወጡ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ደግሞ ለብቻቸው ሊነሡ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሞለስከም የሚባል ቀላል የቫይረስ እብጠት ናቸው። ነገር ግን ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ከሳንባ ተነሥቶ በደም ሲሰራጭ ቆዳ ላይ ልክ ይህን መስሎ ይወጣል፤ የሚገድለው ደግሞ አንጎል ላይ ሲደርስ ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት ሰው «ራሴን ያመኛል» ካለ ክሬም አያስፈልገውም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሲዲ 4ቱ ከ100 በታች የሆነ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማውም ለዚህ ፈንገስ በደም ምርመራ እንዲፈተሽ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ፈንገስ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። የካላ አዛር ሕክምና ከጨረሰ በኋላ በወራት ውስጥ አፍ ዙሪያና ጉንጭ ላይ የሚጀምሩ፣ ወደ ደረትና ክንድ የሚወርዱ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦችና እብጠቶች የዚያው የካላ አዛር ቅሪት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ በተለይ በሱዳን በኩል በደንብ ይታወቃል። ስለዚህ ፊቱ የተለወጠን ሰው «ካላ አዛር ታክመህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ሲታይ ደግሞ ጥጥ ጫፉን እንደ ክር አሹሎ፣ ሰውየውን ዓይኑን አስጨፍኖ፣ ነጠብጣቡን ነካ ማድረግ ነው። የተነካበትን ቦታ በጣቱ ካላሳየ ቋቁቻ አይደለም፤ ሥጋ ደዌ ተጠርጥሮ መመርመር አለበት። ቋቁቻ ስሜት አያጠፋም፤ በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ይረግፋል።

እግር ላይ፣ እሾህ ከወጋ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሳያምም እያበጠ የሚሄድ፣ ቀዳዳዎች ከፍቶ ጥቁር እህል የመሰለ ፍሬ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታም አለ። ማይሴቶማ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ በተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ይህኛው የመከላከል አቅም እስኪደክም አይጠብቅም፤ ጠንካራውን ገበሬም ይይዛል። ለዚህ በሽታ በዓለም የታወቀው የምርምርና የሕክምና ማዕከል ከድንበሩ ማዶ ካርቱም ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው ጦርነት ከጥቅም ውጭ አደረገው።

የፈንገስ ምርመራ ራሱ ርካሽ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ ይሠራል። ዋናው ነገር ከየት እንደሚወሰድ ማወቅ ነው። ከዳነው መሐል ሳይሆን ከዳሩ ላይ ቅርፊቱን በደነዘ ስለት ፋቅ ፋቅ አድርጎ መስተዋቱ ላይ ማራገፍ። 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል መተው። ኬሚካሉ የቆዳውን ሕዋሳት ያሟሟቸዋል፤ ፈንገሱን ግን አይነካውም። ከዚያ ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ ሲያዩ፣ እንደ ጡብ ከተደረደሩት የደበዘዙ ሕዋሳት ላይ ድንበራቸውን ሳይጠብቁ የሚሻገሩ፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ እየቆዩ የሚገነጠሉ ረጃጅም ክሮች ይታያሉ። ቋቁቻ ከሆነ ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ በመሐላቸውም ክብ ክብ ፍሬዎች ተከማችተው ይገኛሉ። አቅሙ የደከመ ወይም ስቴሮይድ የተቀባ ሰው ናሙና ብዙ ጊዜ ያስገርማል፦ ቆዳው ጸጥ ብሎ እያለ መስተዋቱ በክር ይሞላል።

ሕክምናው እንደ ቦታው ይለያያል። ትንሽ ጭርት ለያዘው ጤነኛ ሰው ክሎትሪማዞል፣ ማይኮናዞል ወይም ነባሩ የዊትፊልድ ቅባት ይበቃዋል። ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሚታየው ዳር ሁለት ጣት ያህል አልፎ፣ ምልክቱ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት መጨመር ነው። ሰው የሚያቆመው ሲጠፋለት ነው፤ የሚመለስበትም ለዚያ ነው። ቆረቆር በአገራችን በአብዛኛው የሚመጣው ጸጉሩ ውስጥ በሚገባ የፈንገስ ዓይነት ስለሆነ ክሬም ብቻውን አይደርስበትም፤ ግሪሲዮፉልቪን የመሰለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ለቋቁቻ በሰሊኒየም ወይም በኬቶኮናዞል ሻምፑ መታጠብ ይሠራል፤ ነገር ግን ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ቆዳው ቀለሙን እስኪመልስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሳይነገረው የሄደ ሰው አልዳንኩም ብሎ ሌላ ቅባት ይገዛል።

የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ሰፊ ጭርት ክሬም አይበቃውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያስፈልገዋል። የጉሮሮው ፈንገስ ፍሉኮናዞል ከ14 እስከ 21 ቀን ይወሰድለታል። የኬቶኮናዞል ክኒን ግን ጉበት ስለሚጎዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አውሮፓ ከገበያ አስወጥቶታል፤ አሜሪካም አጠቃቀሙን በጣም ገድቦታል። ስለዚህ ለቆዳ ፈንገስ ክኒኑን የሚያቀብል ሰው ካለ ሌላ ይጠየቅ። ሻምፑውና ክሬሙ ይህ ችግር የለባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ መናገር አለበት፤ ሪፋምፒሲን የፈንገስ መድኃኒቶችን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወግዳቸዋልና። ግሪሲዮፉልቪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የወሊድ መከላከያ ክኒንንም ያዳክማል።

ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ጭርት ላይ የብሳና ቅጠል ጭማቂ መቀባት ከእናቱ ቤት ያውቃል። በብሳና አልስቅም፤ ለመድኃኒትነቱ የቆየ ስም አለው። ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ይቆጠቁጣል፣ ያቆስላልም። ሲዲ 4ቱ የወረደ ሰው ቆዳ ላይ የተከፈተ ቁስል ደግሞ ለባክቴሪያ በር ነው።

ሌላ ቶሎ መነገር ያለበት ነገር አለ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ቆዳው ሊባባስበት ይችላል። ያ ጸጥ ብሎ የነበረው ጭርት ቀይ ቀለበቱን ያወጣል፤ ያሳክካል። ሰውየው መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ሊያቆመው ይፈልጋል። የሆነው ግን ሲዲ 4ቱ ማንሠራራት ጀምሮ፣ ፈንገሱን አሁን ማየቱ ነው። ፈንገሱ ይታከማል፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ክሪፕቶኮከስ እንዳይሆን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

የዚህ አካባቢ ልዩ ችግር ጊዜው ነው። ሰሊጡ በመስከረምና በጥቅምት ታጭዶ፣ ማሽላው ተከትሎ ሲሰበሰብ ሠራተኛው ይበተናል። ሳሉግ የሚባለው ከርሞ የሚቀረው ሠራተኛ እዚሁ ይቆያል፤ ሌላው ወደ ደጋው ይመለሳል። በነሐሴ አጋማሽ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ያወቀ፣ ለራሱ ቆረቆር ወይም ለሰፊ ጭርቱ የሳምንታት መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሕክምናውን ሳይጨርስ መኪና ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «መቼ ነው የምትመለሰው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ቀን ላይ መጠየቅ አለበት፤ ክኒኑም በዚያው ልክ በርከት ተደርጎ መሰጠት ይኖርበታል። የፀረ ኤች አይ ቪ ተከታታዮች የዝውውር ወረቀት ይጻፍላቸዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የቆዳው ነገር ብዙ ጊዜ አይገባም። የፈንገስ መድኃኒቱ ስም፣ የተጀመረበት ቀንና የሚያልቅበት ሳምንት አብሮ ካልተጻፈ፣ የደጋው ባለሙያ ጭርቱን እንደ አዲስ ያየዋል፤ ክሬም ሰጥቶም ይሸኘዋል።